ያቺን ኳስ ማን አያት?

ባጃጇ ከመናኸሪያ ወደ አቶቴ ስትሄድ ሬዲዮው የማታውን የስፖርት ፕሮግራም ይዞ ነበር። ከኋላ የተቀመጥነው እኔና የጎረቤቴ ልጅ ነን። ልጁ የ16 ዓመት አማካይ ነው፤ ጋምቤላ ተወልዶ ገና በእናቱ ጀርባ ሳለ ሐዋሳ የገባ፣ አማርኛውንም ሲዳምኛውንም እንደ ሰፈሩ ልጆች የሚናገር። ያን ቀን ከሰዓት በታዳጊዎች ውድድር ተሰልፎ ቡድኑ 2 ለ 1 አሸንፏል። እኔም ሜዳው ዳር ቆሜ አይቼዋለሁ።

ያሸነፉባትን ግብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው። ኳሷ ከግራ መስመር ተከላካዩ ስትላክለት ልጁ ጀርባውን ለተጋጣሚ ግብ ሰጥቶ ነበር። ኳሷ እግሩ ሳትደርስ አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ ትከሻው ዞር ብሎ አየ። በመጀመሪያው ንክኪ ወደ ራሱ ሜዳ የሚመልሳት መሰለ፤ የተጋጣሚው አማካይ ያንን አምኖ ተከትሎት ወጣ። በወጣበት ቦታ ክፍተት ተፈጠረ። ልጁ ዞሮ በእግሩ የውጭ ጎን ኳሷን በሁለቱ የመሐል ተከላካዮች መካከል አሾለካት፤ አጥቂው ከበረኛው ጋር አንድ ለአንድ ተገናኘ። አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት ጭብጨባውን እንኳ ሳይጠብቁ «አየሃት? ቀድሞ ነው ያያት!» አሉኝ።

ሬዲዮው ላይ ያለው ሰው ስለዚያው ጨዋታ ማውራት ጀመረ። ከተማው የሚያውቀው ሰው ነው፤ በሬዲዮ ይተነትናል፣ በፌስቡክ ገጹ ደግሞ አምደኛ ነው። «ያ ጥቁሩ ልጅ እኮ ጉልበቱ የፈረስ ነው!» አለ። «በእውነት 16 ዓመቱ ነው? ከየት አገር ነው ያመጡት? አድማጮቻችን፣ ይደውሉልን!» ስቱዲዮው ውስጥ ሳቅ ተሰማ። ሰዎች እየተቀባበሉ ደወሉ።

ሾፌሩ በመስታወቱ ልጁን አይቶ ነገሩ ገባው። ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ ልጁ ጎንበስ ብሎ «ተወው ወንድሜ፣ ስለ ኳሷ ያወሩ እንደሆነ ልስማ» አለው።

አላወሩም። አቶቴ ደርሰን እስክንወርድ ድረስ ስለ ቁመቱ፣ ስለ ትከሻው፣ ስለ ዕድሜውና ስለ አገሩ ተወራ። አንድ ደዋይ የደቡብ ሱዳን ዜጋ መሆኑን ከታማኝ ምንጭ እንደሰማ ተናገረ። ልጁ ቦርሳውን አንስቶ «ደህና ይደሩ ጋሼ» ብሎኝ ገባ።

## ጉልበት ማድነቅ ምን ነውር አለው?

በማግስቱ አምደኛው ያንኑ ነገር ጽፎ አወጣው። ርዕሱ ላይ «ታዳጊ» የምትለዋን ቃል በትምህርተ ጥቅስ አስገብቷታል። ፎቶውን ከታች ወደ ላይ የተነሳ መርጧል፤ ልጁ አፉን ከፍቶ ሲጮህ የሚያሳየውን። የውድድሩ አዘጋጆች ያጋሩትን ሙሉውን ፎቶ እኔም አይቼዋለሁ፤ አጠገቡ በቁመት የማያንሱት ሁለት የቡድን ጓደኞቹ አሉ። አምደኛው እነሱን ቆርጦ አውጥቷቸዋል።

ከተማችን ትንሽ ናትና ፒያሳ አንድ ቡና ቤት ተገናኘን። ቅሬታዬን ነገርኩት። ሳይቆጣ ነው የመለሰልኝ፦ «እኔ እኮ አልሰደብኩትም፣ አደነቅኩት። ጉልበት አለው ማለት ምን ነውር አለው?» አለኝ። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ለቀናት ከጭንቅላቴ አልወጣም።

እውነት ነው፣ ጉልበት ነውር አይደለም። ኳስ ያለ ጉልበት አይጫወቱም። ግን ጉልበቱን ለማን፣ ማስተዋሉን ለማን እያከፋፈልን እንደምንሰጥ ብናይ አንድ ነገር ይገለጣል። በፈረንጆቹ 2020 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በፈረንጆቹ ናቸው) ራንሪፒት የተባለ የዴንማርክ ድርጅት ከእንግሊዝ ተጫዋቾች ማኅበር ጋር ሆኖ ጥናት አውጥቶ ነበር። በእንግሊዝ፣ በስፔን፣ በጣሊያንና በፈረንሳይ ሊጎች የተደረጉ 80 ጨዋታዎችን የእንግሊዝኛ ስርጭት አዳምጠው፣ ኮሜንታተሮች ስለ ተጫዋቾች የተናገሯቸውን 2,073 አስተያየቶች ለዩ። ስለ ጉልበት ሲወራ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ተጫዋቾች የመነሳታቸው ዕድል ከሌሎቹ ከስድስት እጥፍ ተኩል በላይ ሆኖ ተገኘ። ስለ ብልህነት ከተሰጠው ምስጋና ደግሞ ከ62 በመቶ በላይ የሚሆነው የሄደው ቀላ ያለ ቆዳ ላላቸው ነው። «ጉልበት አለው» የሚለው አስተያየት ለብቻው ቢነበብ ምስጋና ይመስላል። ሲደመር ግን አንዱ ወገን የሚያስብ፣ ሌላው የሚሮጥ ሆኖ ይቀራል።

የባጃጁ ማታም የሆነው ይኸው ነው። ልጁ በማሰብ የሠራው ሥራ በሰውነቱ ተተረጎመ። ፈረስ ደግሞ ትከሻውን ዞሮ አያይም።

## ሁለት ርዕስ፣ አንድ ዓይነት ቤት

ስለ ዘር በስፖርት ገጽ ላይ መጻፍ የለበትም የሚሉ ሰዎች አሉ። «ኳሱን ኳስ እናድርገው» ይላሉ። ሐሳባቸው ቅን ቢሆንም አልስማማም፤ ዝምታው ሁልጊዜ የሚጠቅመው ተናጋሪውን እንጂ የተነገረበትን አይደለም። ጥያቄው ይጻፍ ወይስ አይጻፍ ሳይሆን እንዴት ይጻፍ ነው። ለዚህ ከማውቃቸው ሁሉ የሚበልጥብኝ ምሳሌ የጋዜጠኛ ሥራ አይደለም፤ የተጫዋች ነው።

በዲሴምበር 2018 ራሂም ስተርሊንግ ማንችስተር ሲቲ ከቼልሲ ጋር ሲጫወት ከመስመሩ ዳር ከተቀመጡ ደጋፊዎች ስድብ ወረደበት። በማግስቱ ኢንስታግራም ላይ የለጠፈው ግን ስለ ተሳዳቢዎቹ ብቻ አልነበረም። ሁለት የጋዜጣ ርዕሶችን ጎን ለጎን አስቀመጠ። ሁለቱም የሚያወሩት ለእናቶቻቸው ቤት ስለገዙ የሲቲ ወጣቶች ነው። ስለ ጥቁሩ ቶሲን አዳራቢዮ የተጻፈው ርዕስ በሳምንት 25,000 ፓውንድ እንደሚከፈለውና አንድም የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ በቋሚነት ሳይጀምር 2.25 ሚሊዮን ፓውንድ ለሚያወጣ ቤት ገንዘቡን እንደረጨ ይናገራል። ስለ ነጩ ፊል ፎደን የተጻፈው ግን «ኮከቡ» ለእናቱ የ2 ሚሊዮን ፓውንድ አዲስ ቤት ገዛ ይላል። ስተርሊንግ እንዲህ ያለው አጻጻፍ ዘረኝነትን ያቀጣጥላል ብሎ ጻፈ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ስተርሊንግ ማንንም በስም ጠርቶ ዘረኛ አላለም፤ ማስረጃውን አስቀምጦ አንባቢው ራሱ እንዲያይ ነው ያደረገው። ሁለቱን ርዕሶች ያነበበ ሰው ልዩነቱን ለማየት የማንም አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በተሰደበ ማግስት፣ ደሙ ሲፈላ፣ ሐዘኔታ መጠየቅም ቁጣ መሸጥም ይችል ነበር። እሱ ግን ከራሱ ስድብ ይልቅ የሁለት ታናናሾቹን ጉዳይ አስቀደመ። በሁለቱም ልጆች ሳይፈርድ የጻፈውን እጅ ብቻ አሳየ። ስለ ዘር የሚጽፍ አምደኛ መመዘኛው ይህ ቢሆን እላለሁ፦ ያየኸውን አሳየኝ፣ ከዚያ የሚሰማህን ንገረኝ።

ትኩረት ፈላጊው የሚሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። በ2003 ኢ.ኤስ.ፒ.ኤን የተባለው የአሜሪካ የስፖርት ቴሌቪዥን ጣቢያ ለእሑድ የአሜሪካ እግር ኳስ ፕሮግራሙ ረሽ ሊምቦ የተባለውን የፖለቲካ ሬዲዮ ሰው ቀጥሮ ነበር። ውድድሩ ገና አንድ ወር ሳይሞላው ሰውየው የፊላደልፊያው ዶኖቫን ማክናብ የተጋነነ ተጫዋች መሆኑን፣ ሚዲያው የሚያደንቀውም ጥቁር ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራና ኳስ የሚወረውር ተጫዋች) እንዲሳካለት ስለሚመኝ መሆኑን ተናገረ። አንድ ውርወራ፣ አንድ የተበላሸ ውሳኔ አላሳየም። ግርግሩ በተነሳ በቀናት ውስጥ ሥራውን ለቀቀ። በሚቀጥለው የውድድር ዘመን ማክናብ ቡድኑን እስከ ሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ እስከ ሱፐር ቦውል፣ አደረሰ። ከዚያ በፊት በ1988 ሲ.ቢ.ኤስ የተባለው ሌላው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ለ12 ዓመታት ያሠራውን የስፖርት ተንታኝ ጂሚ ስናይደርን አባርሮ ነበር፤ ጥቁር አትሌቶች የበለጡት በባርነት ዘመን ለጉልበት ተብለው ስለተዳቀሉ ነው ብሎ በካሜራ ፊት ስለተናገረ። ስናይደርም የመሰለው እያደነቀ ነበር።

## 26 ቁጥርን ፍለጋ

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህ አነጋገር በሌላው አፍ ሲነገር ወዲያው ይገባናል። ስለ ሯጮቻችን የሚጻፈውን እናውቀዋለን፦ ከፍታው፣ የቀጠነው ቅልጥም፣ በእግር የተሄደው የትምህርት ቤት መንገድ። አበበ ቢቂላን ዓለም የሚያስታውሰው በባዶ እግሩ ነው። ሮም ላይ በ1960 ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ በዓለም ክብረ ወሰን ሲያሸንፍ የተጻፈው ስለ እግሩ ነበር፤ ዛሬም የሚደገመው እሱ ነው።

እኔ የምወደው ታሪክ ሌላ ነው። አሰልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ዋነኛ ተፎካካሪህ ሞሮኳዊው ራዲ ነው፣ የሚለብሰውም 26 ቁጥርን ነው ብሎት ነበር። ራዲ ግን የተሰለፈው 185 ቁጥርን ለብሶ ነው። አበበ አጠገቡ የሚሮጠው ሰው ራዲ መሆኑን ሳያውቅ 26 ቁጥርን ከፊት እየፈለገ ሮጠ። መጨረሻ ላይ ያን ጊዜ ሮም ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አካባቢ ፍጥነቱን ጨምሮ ተለየው። ያ ቦታ ቀድሞ የታየና የታሰበበት ነበር። ባዶ እግሩንም ቢሆን የመረጠው አዲሱ ጫማ ስላልተስማማው ነው፤ ውሳኔ ነበር። በ1964 ቶኪዮ ላይ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፣ ያውም ጫማ አድርጎ፣ ክብረ ወሰኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ አሻሻለው። ሰውየው የሠለጠነ ወታደር፣ በዕቅድ የሚሮጥ አእምሮ ነበር። የዓለም ስፖርት ገጽ ግን እግሩ ላይ ቀረ።

ይህን ስናነብ እንናደዳለን፤ መናደዳችንም ልክ ነው። ዳሩ ግን የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው ነው። ፈረንጅ «ተፈጥሮ የሰጠው» ሲለን የሚያመን ሰዎች፣ ከጋምቤላ የመጣ ልጅ አማካይ ቦታ ላይ ቆሞ ሲያከፋፍል ጉልበቱን እናደንቃለን። ቆዳው ከእኛ ስለጠቆረ ከየት አገር እንደመጣ እንጠይቃለን። ይህ ኳስ ሜዳ ላይ የተጀመረ አይደለም፤ የልጁ እናት ገበያ ስትወጣ በእንግሊዝኛ የሚያናግሯት አሉ፣ እሷም በአማርኛ ትመልሳለች። ስፖርት ጋዜጠኛው ያንን ከመንገድ አንስቶ ማይክ ሰጠው፤ የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው። መንገደኛ የተናገረው እዚያው ይቀራል። ሬዲዮ የተናገረው ግን ትምህርት ቤት ይገባል፣ የልምምድ ሜዳ ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ ልጁ ጠንካራ ሸርተቴ በገባ ቁጥር ከዳር «ፈረሱ!» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ስለ ብሔር የሚደረገውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ፍጹም ቅጣት ምት የሳተ ተጫዋች የሳተው እግሩ ነው ወይስ ብሔሩ እየተባለ ሲጻፍ አንብበናል፣ ዳኛው የየት ሰው እንደሆነ ከውሳኔው በፊት ሲነገር ሰምተናል። ሁሉም የሚያውቀው ስለሆነ አልዘረዝረውም።

## ስልኩ ሲጨናነቅ

አምደኛውን ክፉ ሰው አድርጌ መሣል አልፈልግም፤ ክፉ አይደለም። ያን ቀን ፒያሳ ስናወራ ስለ ሥራው በግልጽ ነገረኝ። ከብዙዎቹ የኤፍ ኤም የስፖርት ፕሮግራሞች እንደ አንዱ፣ የእሱም የሚተላለፈው የአየር ሰዓት ተገዝቶ ነው። የሰዓቱን ዋጋ የሚሸፍነው ስፖንሰር ነው። ስፖንሰሩ ደግሞ የሚጠይቀው ማን አዳመጠ፣ ስንት ሰው ደወለ፣ ገጹን ስንት ሰው አጋራው እያለ ነው። «ስለ ቅብብል ባወራ ማንም አይደውልም፤ ዕድሜውንና አገሩን ስጠይቅ ግን ስልኩ ይጨናነቃል» አለኝ። በዚያ ማታም ተጨናንቋል።

ችግሩን እረዳለሁ። ቤተሰብ አለው፣ የቤት ኪራይ አለው። ግን ስልኩን ያጨናነቀው የራሱ ትንታኔ አልነበረም፤ የአንድ የ16 ዓመት ልጅ ገላ ነው። ለዚያ ገቢ ልጁ ሳይጠየቅ ከፍሎበታል። የአውሮፓና የአሜሪካ አምደኛ ቢያንስ የሚጽፈው ጠበቃና ወኪል ስላለው ሚሊየነር ነው። የኛ ልጅ ያለው እናቱ ብቻ ናት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ የታወቀ ክለብ አካዳሚ ልጅ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቀላሉ ይነካ እንደነበር እጠራጠራለሁ።

የዕድሜ ጥያቄ ይነሳል፣ መነሳትም አለበት። በታዳጊ ውድድር ዕድሜ ማጭበርበር እውነተኛ በሽታ ነው፤ የእውነተኛ ታዳጊዎችን ቦታ ይበላል። ፊፋ እንኳ ከ2009 ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓን በኤም.አር.አይ እያስነሳ የሚያጣራው ለዚህ ነው። ልብ በሉ፣ የሚታየው አጥንት ነው፤ የቆዳ ቀለም ወይም የትከሻ ስፋት አይደለም። በሠፈር ውድድር ኤም.አር.አይ ባይኖርም የልደት ማስረጃ አለ፣ አዘጋጅ ኮሚቴ አለ፣ ክስ የሚቀርብበት ወረቀት አለ። ጥርጣሬ ያለው ጋዜጠኛ ኮሚቴውን ጠይቆ፣ ለሁሉም ቡድን የሚሠራበትን አጣርቶ፣ ከዚያ ይጻፍ። የሁለቱን ቡድኖች ልጆች በሙሉ ሳይጠይቁ አንዱን ብቻ በመልኩ መርጦ መጠርጠር ግን ምርመራ ሊባል አይችልም።

ከዚያ ጽሑፍ በኋላ እናቱ የልደት የምስክር ወረቀቱን ፎቶ ኮፒ አስደርጋ በፕላስቲክ አሸጋች። ልጁ ለጨዋታ ሲወጣ ከታኬታው ጋር ቦርሳው ውስጥ ትከትለታለች። «ጋሼ፣ ዋናውን ልስጠው ወይስ ኮፒው ይበቃል?» ብላ ጠየቀችኝ። ኮፒው ይበቃል አልኳት። ከቡድኑ ልጆች ወረቀት ይዞ ሜዳ የሚገባው እሱ ብቻ ነው።

አሰልጣኙ የበሰለ ሰው ነው። ከሁሉም የገረመኝ እሱ ያደረገው ነው። ልጁን ወደ ጥልቅ ተከላካይ አማካይነት ቢያወርደው ጉልበቱ ይጠቅማል የሚል ሐሳብ ከክለቡ ሰዎች መጥቶለት ነበር፤ ሐሳቡም የመጣው ከሬዲዮው በኋላ ነው። በአንድ ፕሮግራም ምክንያት የአንድ ልጅ የመጫወቻ ቦታ ሊቀየር ደርሶ እንደነበር አስቡት። አሰልጣኙ እምቢ አለ። «ይህ ልጅ ኳስ ከመድረሷ በፊት የሚያይ ነው፤ የሚያይን ሰው አላስሮጥም» አለኝ። በትንታኔ ደረጃ ስለዚህ ልጅ እስካሁን የሰማሁት ትክክለኛው ዐረፍተ ነገር ይህ ነው፤ ከማይክ ግን አልተነገረም።

አምደኛውን ስሰናበተው «ታዲያ ምን ልበል?» ብሎኝ ነበር። የምለው ይህን ነው። የቀጣዩ ውድድር አሰላለፍ ዝርዝር ሲደርስህ የልጆቹን ስም አንብብ፤ ጥቁሩ፣ ቀዩ፣ ግዙፉ ብለህ አትጥራ። የየትኛው ቦታ ተጫዋች እንደሆነ ተናገር፣ ግቧ እንዴት እንደመጣች አስረዳ። በዚያ ጨዋታ ስለ ግቧ ልትጠይቅ የምትችለው አሰልጣኝ ሜዳው ውስጥ ቆሞ ነበር፣ ስልኩም አለህ። በሐዋሳ ስታዲየም ስለ ቆዳ ቀለም የሚሰደብ ልጅ ካለ ደግሞ ደፍረህ ጻፍ፣ ማን ምን እንዳለ፣ መቼ እንዳለ አስቀምጥ፤ ያን ጊዜ ስልክህ ቢጨናነቅ ደስ ይለኛል፣ ስፖንሰርህም አብሮህ ቢቆም ከማንም በፊት እኔ አመሰግነዋለሁ። ስለ ልጁ ያወጣኸውን ጽሑፍ አንሳው፣ ፎቶውንም ሙሉውን አድርገህ መልሰው።

ይህን ጽሑፍ ከማውጣቴ በፊት ለእሱ ልኬለታለሁ። መልስ ከጻፈልኝ አንድም ቃል ሳልቀንስ እዚሁ አወጣዋለሁ።